ለደሾ ሳሬ ፎስፈረስ የሚፈታ ባክቴሪያ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ከእንጅባራ ወጣ ብሎ አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። በግማሽ ሄክታር ላይ ደሾና የዝሆን ሳር ተክያለሁ። ሳሩ ይበቅላል፣ ግን ቀጫጫ ነው። ከታጨደ በኋላም ለማቆጥቆጥ ይዘገያል። ቀዩን አፈሬን አስመርምሬ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) 4.9፣ ለተክል የሚደርሰው ፎስፈረስ ደግሞ በኪሎ 4 ሚሊግራም ነው ተባልኩ። አሁን አንድ ነጋዴ ፎስፈረስ የሚፈታ ባክቴሪያ በሊትር እየሸጠ ነው። ይህን ከተጠቀምክ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት) አያስፈልግህም ይለኛል። እውነት ነው? እኔስ ቤቴ ላራባው እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ አሉ፣ የሚሠሩትም ሥራ ይታወቃል። ፎስፈረስ ይፈታሉ፣ ሳርም ሲያፋፉ ታይተዋል። «ኤንፒኤስ አያስፈልግም» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። በእርስዎ አፈር ላይ የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለኖራ ነው። ቀጥሎ ፍጉ ወደ ሳሩ ይመለስ። ባክቴሪያው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በትንሽ ቦታ ተሞክሮ። ቤት ማራባቱን አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

በመጀመሪያ የፎስፈረሱን ሂሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር ላይ ያለው የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ሁለት ሚሊዮን ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠቅላላው ፎስፈረስ በኪሎ 500 ሚሊግራም ነው ብንል (ለደጋ ቀይ አፈር የተጋነነ ግምት አይደለም) በሄክታር 1,000 ኪሎ ፎስፈረስ አለ ማለት ነው። የምርመራ ወረቀትዎ ላይ ያለው 4 ሚሊግራም ግን በዚሁ ስሌት 8 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ጎተራው ሙሉ ነው፣ በሩ ግን ተቆልፏል።

የቆለፉት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። አፈርዎን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ፎስፌትን (ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ የሚገኝበትን መልክ) አጥብቆ ይይዛል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የተሟሟ አሉሚኒየም ጉዳቱ ድርብ ነው። ፎስፈረስን ያስራል፣ የሥሩንም ጫፍ ይመርዛል። ከማሳዎ አንድ የደሾ ጉጥ ነቅለው በውሃ አጥበው ይዩት። ሥሩ አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ቅርንጫፉ ጥቂት ከሆነ አሉሚኒየምን ይጠርጥሩ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ስለሆነ ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም።

ኤንፒኤስ ሲጨምሩም ያው ነው። አብዛኛው ፎስፈረስ በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ይታሰራል። በመጀመሪያው ዓመት ተክል የሚያገኘው ከጨመሩት ውስጥ ከ10 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው። ቀሪው አይጠፋም፤ እዚያው ማሳው ውስጥ እስረኛ ሆኖ ይቀመጣል። የነጋዴው ወሬ የሚማርከውም ለዚህ ነው። «ያለውን እንፍታ» ማለት ጥሩ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ባክቴሪያዎቹ እንዴት ነው የሚፈቱት? ባሲለስ፣ ሱዶሞናስ፣ ኢንትሮባክተር፣ ቡርክሆልዴሪያ ከሚባሉት ወገኖች ብዙዎቹ ከሥሩ የሚወጣውን ስኳር ይመገባሉ። ከዚያ ግሉኮኒክ አሲድ፣ ኦክሳሊክ አሲድ፣ ሲትሪክ አሲድና የመሳሰሉትን ወደ ውጭ ይለቃሉ። አሲዱ የካልሲየም ፎስፌትን ያሟሟል። ሲትሪክና ኦክሳሊክ አሲድ ደግሞ ብረቱንና አሉሚኒየሙን እቅፍ አድርገው ከፎስፌቱ ይለያሉ። ሌላም መንገድ አለ። ከአፈሩ ፎስፈረስ ትልቅ ድርሻ ያለው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ በብስባሽ ውስጥ ነው። ይህን ተክል በቀጥታ መውሰድ አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ፎስፋቴዝና ፋይቴዝ በሚባሉ ኢንዛይሞች ይቆርጡታል። የተቆረጠው ፎስፌት ያን ጊዜ ለሥሩ ይደርሳል።

በላቦራቶሪ ይህ በዓይን ይታያል። ከ1948 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሚሠራበት የፒኮቭስካያ ምግብ የሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ አለ። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ የረጋ፣ ትራይካልሲየም ፎስፌት ስላለበት ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ከሥር አካባቢ የተወሰደ አፈር በውሃ አቅጥነው ያፈሱበትና ጥቂት ቀናት ይጠብቃሉ። ፎስፈረስ ፈቺ ባክቴሪያ ካለ በዙሪያው ነጩ ይጠፋና ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራል። በሻጮች ማስታወቂያ ላይ የሚያዩት ፎቶ ብዙውን ጊዜ ይኸው ቀለበት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ነው። የእርስዎ ማሳ ውስጥ ያለው ግን በብረትና በአሉሚኒየም የታሰረ ነው። ካልሲየሙን በቀላሉ የሚፈታ ባክቴሪያ ብረቱን ላይነካው ይችላል። ተመራማሪው ባሻንና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ተችተዋል። ትራይካልሲየም ፎስፌት ለሁሉም አፈር ብቸኛ መምረጫ መሆን የለበትም፤ ለአሲዳማ አፈር የሚፈለጉት በብረትና በአሉሚኒየም ፎስፌት ላይ መፈተን አለባቸው ብለዋል። ስለዚህ ነጋዴውን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ ይህ ባክቴሪያ በአሲዳማ ቀይ አፈር ላይ፣ ማሳ ውስጥ ተሞክሯል ወይ?

ሁለተኛው ችግር ምግብ ነው። ሳህኑ ላይ ስኳር ሞልቷል። ማሳ ውስጥ ግን ስኳር ያለው ከሥሩ ጋር በተጣበቀች ቀጭን የአፈር ንጣፍ ብቻ ነው። ከዚያ ወጣ ሲል ባክቴሪያው የሚበላው ያጣል። አሲድ የሚሠራበት አቅምም አይኖረውም። ቦታው ደግሞ ባዶ አይደለም። ለዘመናት የኖሩ የአገሩ ተሕዋስያን አሉ፤ እንግዳውን ይሻሙታል፣ ይበሉታልም። በጠርሙስ የመጣው ባክቴሪያ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ እጅግ መውረዱ የተለመደ ነው። ፈታ የተባለውንም ፎስፈረስ መጀመሪያ የሚወስደው ራሱ ባክቴሪያው ነው። ሳሩ የሚደርሰው ባክቴሪያው ሲሞት ወይም በሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲበላ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ሶቪየት ኅብረት በ1950ዎቹ ፎስፎባክቴሪን የሚባል፣ ባሲለስ ሜጋቴሪየም ያለበት ምርት በሰፊው ተጠቅማለች። ውጤቱ ጥሩ ነው ተባለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲፈትኑት ግን አስተማማኝ ጭማሪ አላገኙም። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተቀዛቀዘ። እንደገና ነፍስ የዘራው የባክቴሪያው ምርጫ ሲሻሻል ነው። በብራዚል የመንግሥት የምርምር ድርጅቱ ኤምብራፓ በ2019 ሁለት የባሲለስ ዝርያዎችን ያጣመረ ፎስፈረስ ፈቺ ምርት ለበቆሎ አውጥቷል። ብራዚልን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አፈሯ እንደ እርስዎ ማሳ አሲዳማ፣ ቀይ፣ ፎስፈረስ አሳሪ ነው። ግጦሿም በአብዛኛው ከአፍሪካ የሄደው ብራኪያሪያ የሚባለው ሳር ነው። እዚያው ማሪያንጀላ ሁንግሪያ፣ በ2025 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘችው ተመራማሪ፣ አዞስፒሪለም የሚባለውን ባክቴሪያ በብራኪያሪያ ላይ ሞክራ ሳሩ ሲጨምር አሳይታለች።

ልብ ይበሉ፣ አዞስፒሪለም በዋናነት ፎስፈረስ ፈቺ ተብሎ የሚታወቅ አይደለም። ይህ እኔ ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር ነው። ሳር በባክቴሪያ ሲፋፋ ምክንያቱ ሁልጊዜ የተፈታ ፎስፈረስ አይደለም። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ኦክሲን የሚባለውን የዕድገት ሆርሞን ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ ሥሩ ይበዛል፣ የሥሩ ፀጉርም ይረዝማል። ለፎስፈረስ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ናይትሮጅን ከውሃ ጋር እየተጓዘ ወደ ሥሩ ይመጣል። ፎስፈረስ ግን አይጓዝም ማለት ይቻላል። አንድ ሥር በዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያለውን ፎስፈረስ ጠርጎ ከበላ በኋላ፣ ከዚያ አልፎ ያለው እያለ ይራባል። ረጅም የሥር ፀጉር ያለው ሳር ከዚያ ትንሽ አልፎ ይደርሳል። ሥሩን አቅፈው የሚኖሩት ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ደግሞ ክራቸውን ከዚያም በብዙ አርቀው ይዘረጋሉ። ደሾም የዝሆን ሳርም ለዓመታት ሳይታረሱ ስለሚቆዩ ይህ የፈንገስ መረብ ሳይበጠስ ይቆይላቸዋል። በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ ይህን ዕድል አያገኝም።

አሁን ኖራው ለምን እንደሚቀድም ግልጽ ይሆናል። አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ እየገደለ የሥር ፀጉር ይርዘም ማለት አይቻልም። ስኳር የሚያወጣ ጤነኛ ሥር ከሌለ ባክቴሪያውም ምግብ የለውም። ኖራ ፒኤቹን ከ5.5 በላይ ሲያደርሰው አሉሚኒየሙ ይረጋል፤ የታሰረውም ፎስፈረስ በከፊል ይላቀቃል። መጠኑን የሚወስነው ፒኤቹ ብቻ ሳይሆን የአፈሩ ተለዋዋጭ አሲድ (ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ያለው አሲድና አሉሚኒየም) ነው። ስለዚህ ምርመራውን የሠራልዎትን ላቦራቶሪ እሱንም እንዲለካ ይጠይቁ። ለእንዲህ ያለ አፈር በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን የሚደርስ ምክር የተለመደ ነው። ኖራ በአፈር ውስጥ ወደ ታች ብዙ አይወርድም። ስለዚህ አዲስ የሚተክሉበትን ቦታ ከመትከልዎ አንድ ሁለት ወር አስቀድመው በትነው በእርሻ ያዋህዱት። በቆመው ሳር ላይ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል ኮትኩተው ያስገቡት፤ ላዩ ላይ ተበትኖ ከቀረ ጥቅሙ ዘገምተኛ ነው።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነጋዴው የዘለለው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ ፎስፈረስ አይፈጥርም። ናይትሮጅንን ከአየር የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፎስፈረስን ከአየር የሚያመጣ ግን የለም። ከሄክታር በዓመት 10 ቶን ደረቅ መኖ ቢያጭዱና በውስጡ 0.2 በመቶ ፎስፈረስ ቢኖር፣ 20 ኪሎ ፎስፈረስ ከማሳው ወጣ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፌት (በP₂O₅ መልክ የተቆጠረ) አለው ይባላል፤ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲቀየር 16.6 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሄክታር በየዓመቱ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ከያዘው በላይ ፎስፈረስ በሸክም ወደ በረት ይገባል። ባክቴሪያው ጥሩ ሠርቶ ሳሩ ከበዛ ደግሞ የሚወጣውም ይበዛል።

ያ ፎስፈረስ የት ይሄዳል? ከፊሉ በወተትና በጥጃ ይወጣል፤ አብዛኛው ግን እበቱ ውስጥ ነው። ናይትሮጅንና ፖታሲየም በሽንት ብዙ ይወጣሉ፣ የፎስፈረስ መውጫ ግን በዋናነት እበት ነው። ስለዚህ እበቱ ለጓሮው ጎመንና ለበቆሎው ብቻ ከሄደ የሳሩ ማሳ በየዓመቱ እየተራቆተ ነው። ፍጉን አብላልተው ከእያንዳንዱ ሁለት አጨዳ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ይመልሱ። ፍግ ሌላም ጥቅም አለው። በውስጡ ያሉት አሲዶች ፎስፌት የሚታሰርበትን ቦታ ቀድመው ይይዙታል። የማሳው የራሱ ባክቴሪያም የሚበላው ያገኛል። ኩበት የሚያነዱ ከሆነ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመድ የአፈሩንም አሲድነት ይቀንሳል። እባክዎ አመዱን ወደ ገደል አይጣሉ፤ ሳሩ ላይ ይበትኑ።

ላሞቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ፎስፈረስ ያነሰው አፈር ፎስፈረስ ያነሰው ሳር ያበቅላል፣ ያንን የበላች ላምም ትጎዳለች። ኮርማ የመፈለጊያዋ ጊዜ ይዘገያል፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ አጥንትና ጨርቅ ማኘክ ትጀምራለች። ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንት ማኘክ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ካዩ አፈሩ እስኪታከም አይጠብቁ። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩና ፎስፈረስ ያለበት የማዕድን ድጋፍ ይስጧቸው።

በአካባቢዎ ደግሞ ሳይገዛ የሚገኝ ፎስፈረስ ፈቺ አለ፦ ግብጦ። የነጭ ግብጦ ሥር ፎስፈረስ ሲያጣ ብሩሽ የመሰሉ የታጨቁ ሥሮች ያወጣል። ከእነዚህ ብሩሾች ሲትሪክና ማሊክ አሲድ በብዛት ይፈስሳል። ነቅለው ካዩት በዓይን ይለያሉ። ጎጃምና አዊ ውስጥ ገበሬው በደከመ መሬት ላይ ግብጦ መዝራቱ በከንቱ አይደለም። ሳር ከመትከልዎ በፊት አንድ ወቅት ግብጦ ዘርተው ቅሪቱን እዚያው ቢመልሱ፣ የተፈታው ፎስፈረስ በብስባሽ መልክ ለሳሩ ይቆያል። መራራውን ግብጦ ግን ለላም እንዳይሰጡ፤ ያለበት አልካሎይድ ይመርዛል። ለመኖ የሚሆኑ ጣፋጭ የግብጦ ዝርያዎች ስላሉ፣ ባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቢጠይቁ አይቆጭዎትም።

ወደ ጠርሙሱ እንሂድ። መለያ ወረቀቱ ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ የዝርያ ቁጥሩ፣ በሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለ (ቢያንስ 100 ሚሊዮን)፣ የተመረተበትና የሚያልፍበት ቀን ከሌለ አይግዙ። ባሲለስ ከሆነ ይመረጣል፤ ጠንካራ ዘር ስለሚሠራ ሙቀትና ድርቀት ይችላል። ሱዶሞናስ በሞቀ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ አይቆይም። ኢኤም የሚባለው ድብልቅም ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። እሱ በአብዛኛው የወተት አሲድ ባክቴሪያና እርሾ ነው። ለጥራጥሬ የሚሸጠው ራይዞቢየምም ሥራው ሌላ ነው።

ቤት ማራባትን በሚመለከት ስጋቴ የጤና ነው። ሞላሰስ ወይም ስኳር ባለው በርሜል ውስጥ ምን እንደሚራባ ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ንጹሕ ዘር ማወቅ አይቻልም። ከፎስፈረስ ፈቺዎቹ መካከል ሰውን የሚያሳምሙ አሉ። ቡርክሆልዴሪያ ሴፓሲያና ክሌብሲየላ በተለይ አቅሙ የደከመን ሰው ሳንባ ያጠቃሉ። ያንን በላም በረት አጠገብ፣ ልጆች ባሉበት ግቢ አራብቶ መርጨት አያዋጣም። ጥሩ ኮምፖስት ብዙ ዓይነት ፎስፈረስ ፈቺዎችን በራሱ ይይዛል፤ የቤት ሥራዎ እሱ ይሁን።

ምርቱ ትክክለኛ ከሆነና መሞከር ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። በክረምቱ መግቢያ አዲስ በሚተክሉት ደሾ ላይ ይጀምሩ። ግንጣዩን በጥላ ሥር ባክቴሪያው ባለበት ቀጭን የፍግ ጭቃ ውስጥ ነክረው እዚያው በእርጥብ አፈር ይትከሉ። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከማዳበሪያ ወይም ከኖራ ዱቄት ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቅሉት። ኖራና ፍጉን ለሁሉም እኩል ያድርሱ፣ ዩሪያውንም እንዲሁ። ከዚያ መሬቱን እኩል ስፋት ወዳላቸው ቁራጮች ይክፈሉ። አንዱ ምንም አይጨመርበት። አንዱ ሕያው ባክቴሪያ፣ አንዱ የተገደለ ባክቴሪያ፣ አንዱ ደግሞ ኤንፒኤስ ያግኝ። ይህንን ቢያንስ ሦስት ቦታ ይድገሙት፣ ተራቸውንም ያዘበራርቁ። ማሳው ታችኛው ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ለም ስለሚሆን ሁሉም ሕያው ባክቴሪያ እዚያ ከወደቀ ይሸወዳሉ።

የተገደለው ለምን አስፈለገ? በጠርሙሱ ውስጥ ስኳር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም አለ። ሳሩን ያፋፋው ባክቴሪያው ይሁን ፈሳሹ የሚለየው በዚህ ነው። ባሲለስን ተራ ማፍላት አይገድለውም፤ በፕሬዠር ኩከር ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። የኤንፒኤሱ ቁራጭ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርዎታል። ሳሩ ለኤንፒኤስ ምንም ምላሽ ካልሰጠ፣ የጎደለው ፎስፈረስ አይደለም። ያን ጊዜ የፎስፈረስ ባክቴሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የመጀመሪያውን አጨዳ ብቻ አይተው አይፍረዱ። ሦስት አጨዳ ይመዝኑ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አጭደው። ከየቁራጩ አንድ ኪሎ እርጥብ ሳር ለይተው ያድርቁና ደረቁን ይመዝኑ፤ እርጥበት ያታልላል። ሕያው ባክቴሪያ ያገኘው በሁሉም ድግግሞሽ ከተገደለው ከበለጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት ኤንፒኤሱን በአንድ አራተኛ ቀንሰው በከፊሉ ማሳ ላይ ይሞክሩት። ካልበለጠ ጠርሙሱን ይተዉትና የዚያን ገንዘብ ኖራ ይግዙበት። አፈሩን ኖራ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ያስመርምሩ፤ ናሙናውን ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወስደው በአንድ ባልዲ ደባልቀው ይላኩ።